«ግሪን ማይል»፦ ተአምሩ ፊልሙን ያጠነክረዋል ወይስ ያላላዋል?

ጥያቄ፦ ከ«የቅዳሜ ተመልካች»

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «ግሪን ማይል» ከእናቴ ጋር ተመለከትን። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ በመሆኑ፣ እኔም ንግግሩን እየተረጎምኩላት፣ የጨረስነው እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲቃረብ ነው። የሞት ፍርደኛው ጥቁር እስረኛ ጆን ኮፊ የወኅኒ ቤቱን ጠባቂዎች አለቃ የፖልን የሽንት ቧንቧ ሕመም በእጁ ዳስሶ ከወሰደለት በኋላ ከአፉ እንደ ዝንብ መንጋ ያለ ነገር ሲወጣ እናቴ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ስለ ተአምሩ አንድም ማብራሪያ አልጠየቀችኝም። ግራ የተጋባሁት እኔ ነኝ።

ኮፊ የሞት ፍርደኛ የሆነው ሁለት ሕፃናት እኅትማማቾችን ገድለሃል ተብሎ ነው። ፖል የሰውየውን ንጽሕና በእርግጠኝነት ያወቀው ግን በምርመራ ወይም በምስክር ሳይሆን፣ ኮፊ እጁን ይዞ የእውነተኛውን ገዳይ ሥራ በራእይ ስላሳየው ነው። ንጽሕና የሚታወቀው በተአምር ከሆነ፣ ተአምር መሥራት ለማይችለው ንጹሕ እስረኛ ማን ይደርስለታል? ፊልሙ የፍትሕን ጥያቄ ወደ ሰማይ አሻግሮ እኛን ምድራውያኑን ከተጠያቂነት ያወጣን መስሎ ተሰማኝ። ተአምሩ ቀርቶ ተራ የወኅኒ ቤት ታሪክ ቢሆን አይሻልም ነበር? እናቴ ደግሞ የራሷ ጥያቄ አላት፤ «ቁልፉ በፖል እጅ አልነበረም? ለምን አላስመለጠውም?» ትላለች።

መልስ፦ ከ«ጠበቃው»

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ድምዳሜዎን አልቀበለውም። ተአምሩ ፖልን ከተጠያቂነት አላወጣውም፤ እንዲያውም ማምለጫ አሳጣው። ተአምሩ ባይኖር «ፍርድ ቤቱ ወስኗል፣ እኔ አስፈጻሚ ነኝ» ብሎ በሰላም ጡረታ ይወጣ ነበር። አሁን ግን እውነቱን ያውቃል፤ የሚያውቀውንም ለማንም ዳኛ ሊያቀርበው አይችልም፤ በራእይ የታየ ነገር ማስረጃ ሆኖ አይመዘገብምና። በችሎት ሥራ ውስጥ ላለ ሰው ከዚህ የከፋ ሁኔታ የለም። እኔ ራሴ ንጹሕ መሆኑን ከልቤ አምኜበት ያላስፈታሁት ደንበኛ አለኝ፤ ፖል ራእዩን ካየ በኋላ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ነገር የማውቀው ከዚያ ነው።

ተአምር የሌለው ንጹሕ እስረኛስ ላሉት፣ ታሪክ መልሱን መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ1944 በሳውዝ ካሮላይና ጆርጅ ስቲኒ የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ሁለት ነጭ ሕፃናትን ገድለሃል ተብሎ ተከሰሰ። የፍርዱ ሒደት በአንድ ቀን አለቀ፤ አባላቱ በሙሉ ነጮች የሆኑት፣ ጥፋተኝነትን የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች (ጁሪ) አሥር ደቂቃ ያህል ተማክረው ጥፋተኛ አሉት፤ በኤሌክትሪክ ወንበርም ተገደለ። ፍርዱ የተሻረው ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው። ፊልሙ ደራሲው እስቲፈን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1996 በስድስት ክፍል ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ቢሆንም፣ ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ኮፊ የልጆቹን አስከሬን ታቅፎ ሲያለቅስ የሚያዝበትን ትዕይንት እንደ ልብ ወለድ ማየት አልቻልኩም። እርሱ ሊያድናቸው ሞክሮ ስለዘገየ ነበር የሚያለቅሰው፤ ያገኙት ሰዎች ግን ለቅሶውን የጥፋተኝነት ቃል አድርገው ወሰዱት።

መልስ፦ ከ«የቀድሞ ጠባቂ»

እኔ በአንድ ክፍለ ሀገር ወኅኒ ቤት ለ11 ዓመታት በጥበቃ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የእናትዎን ጥያቄ ልመልስ። ቁልፍ በእጅ መሆኑና በር መክፈት መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁልፉን የያዘው ሰው ልጆች አሉት፣ ጓደኞቹም ልጆች አሏቸው፤ እስረኛ ቢጠፋ የሚታሰሩት እነርሱ ናቸው። ያም ሆኖ ፖል ኮፊን ልልቀቅህ ወይ ብሎ ጠይቆታል። እምቢ ያለው ኮፊ ራሱ ነው፤ የሰው ልጅ እርስ በርሱ የሚያደርሰው ሥቃይ ሌት ተቀን ስለሚሰማው ደክሞታል።

እኔን ያንቀጠቀጠኝ ግን ጠባቂዎቹ የሞት ቅጣቱን አፈጻጸም የሚለማመዱበት ትዕይንት ነው። አንድ ሽማግሌ እስረኛ በሟቹ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲቀልድ፣ ጠባቂዎቹ ማሰሪያውን በየተራ ያጠብቃሉ፤ ሥርዓቱ እንዳይፋለስ ብቻ ይጨነቃሉ። እኛም የማታ ቆጠራ ላይ እንደዚያው ነበርን፤ ቁጥሩ ከሞላ ሌላው ሁሉ ደኅና ይመስለን ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የሌላው የሞት ፍርደኛ የደላክሯ ሞት ይመጣል። በጨው ውኃ የተነከረው ስፖንጅ ከራስ ላይ የሚደረገው ኤሌክትሪኩ ሳይበተን ወደ ሰውነት እንዲያልፍ ነው፤ ፐርሲ የተባለው ጠባቂ ሆን ብሎ ደረቁን አደረገለት፤ ሰውየውም በቁሙ ነደደ። በዚያ ትዕይንት ውስጥ አንዳችም ተአምር የለም፤ አንድ ክፉ ሰው የሥራ ድርሻውን አጓደለ፣ በቃ። ተአምሩ ያስፈለገው ከዚህ ጎን እንዲቆም ይመስለኛል።

መልስ፦ ከ«ሲልቨር ስፕሪንግ»

እዚህ አሜሪካ ስኖር ከሥራ ባልደረቦቼ የሰማሁትን ላክል። ዳይሬክተር ስፓይክ ሊን ጨምሮ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ይህን ፊልም አይወዱትም፤ ልዩ ኃይል ያለው ጥቁር ሰው ኃይሉን የሚያውለው ነጮቹን ለመፈወስ ነው፤ ስለራሱ ሕይወት፣ ስለቤተሰቡ፣ ከየት እንደመጣ የምናውቀው የለም ይላሉ። መጀመሪያ ስሰማው ተቃውሜ ነበር። ፊልሙን ደግሜ ሳየው ግን እውነት አላቸው አልኩ። ኮፊ የወኅኒ ቤቱን አዛዥ ሚስት ከጭንቅላት ዕጢ ሲፈውስ ሁሉም ያመሰግነዋል፤ ከዚያም ወደ ክፍሉ ይመልሱታል። ይህን እያወቅሁም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያረፈው፣ ኮፊን ሆኖ የተጫወተው ማይክል ክላርክ ዳንከን ለዚያ ሰው የሰጠውን ገርነት ማየት አላቆምም። የረዳት ተዋናይነት የኦስካር እጩ አድርጎታል፤ ቢሸለም ደስ ባለኝ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጠበቃውን መልስ ለእናቴ ሳነብላት ዝም ብላ አዳመጠችና፣ እርሷ ከፊልሙ ያልረሳችው ሌላ ነገር መሆኑን ነገረችኝ። ኮፊ ወኅኒ በገባበት ቀን፣ ጣሪያ የሚያህለው ሰው፣ ማታ መብራት ታጠፋላችሁ ወይ ብሎ ነበር የጠየቀው። በመጨረሻም ወንበሩ ላይ ፊቱን ሊሸፍኑት ሲሉ ጨለማ እንደሚፈራ ተናገረ፤ ፖልም ጨርቁን ተወው። «በሩን መክፈት ቢያቅተው ይኼን አደረገለት» አለች እናቴ። ይበቃል ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ «አይበቃም» አለችኝ።