ሞርሄድ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ምሥራቅ ኬንታኪ፣ ሞርሄድ በምትባል ከተማ በነርስነት ሥራ አግኝቻለሁ። ደሞዙ ጥሩ ነው፣ የቤት ኪራዩም እዚህ ካለው ጋር አይገናኝም። ባለቤቴ ግን የምርጫውን ካርታ አየችና «ቀይ በቀይ፣ ሁሉም ሪፐብሊካን ነው፤ ልጆቼን ይዤ የትም አልሄድም» አለች። አካባቢውን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ከኮሎምበስ፦ ወንድሜ፣ እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። በዚያ በኩል ስመላለስ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ካርታው አልዋሸም፤ ግን የትናንቱን አይነግርህም።

ከሞርሄድ ጎን ኤልየት የሚባል ካውንቲ አለ። ሕዝቡ 8,000 አይሞላም፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ነው። የተቋቋመው በ1869 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከዚያ እስከ 2012 ድረስ በፕሬዚዳንት ምርጫ ሪፐብሊካን አንዴም አሸንፎበት አያውቅም። በ1972 ኒክሰን ከማሳቹሴትስና ከዲሲ በቀር አገሩን ሲጠራርገው፣ እዚህ 65 በመቶው የመረጠው ዲሞክራቱን ማክገቨርንን ነው። በ2008 ኦባማ 61 በመቶ አገኘ። በ2012 ወደ 49 ወርዶ ለጥቂት አለፈ። በ2016 ትራምፕ 70 በመቶውን ወሰደ፣ በ2020 ደግሞ 75 ገደማ። ነገሩን ሁሉ በቆዳ ቀለም የሚፈቱ አሉ። ያኔ ኦባማን የመረጠውን 61 በመቶ ምን ሊሉት ይሆን?

አንዴ ሳንዲ ሁክ፣ የካውንቲው ዋና ከተማ ማለት ነው፣ ጭነት ሳወርድ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወግ ያዝን። ጉልበታቸውን እያሹ ማዶ ያለ ጥቁር የእንጨት ጎተራ አሳዩኝ። የትንባሆ ማድረቂያ ነበር። አሁን ውስጡ የቆመው አሮጌ ጀልባ ነው። «አራት ልጅ ያሳደግኩት በዚህ ነው» አሉኝ። ከዲሞክራቱ ፕሬዚዳንት ከሩዝቬልት ዘመን ጀምሮ መንግሥት ለትንባሆ ኮታና የዋጋ ከለላ ይሰጥ ስለነበር፣ ትንሽ መሬት ያለውም ገበሬ ይኖርበት ነበር። ፓርቲውም እንደ ርስት ከአባት ለልጅ ወረደ። ፕሮግራሙ በ2004 ቀረ። በ2015 መጨረሻ አሽላንድ ያለው የብረት ፋብሪካ ትልቁን ምድጃ አጠፋ። የከሰል ማውጫዎቹም ተራ በተራ ይዘጉ ነበር። በዚህ ላይ በዲሞክራት በኩል ለፕሬዚዳንትነት የምትወዳደረው ሂላሪ ክሊንተን በማርች 2016 ብዙ የከሰል ሠራተኞችንና ኩባንያዎችን ከሥራ ውጪ እናደርጋለን የሚል ነገር አመለጣት። አዲስ ሥራ ይመጣል ማለቷን የሰማላት የለም። ጠመንጃውና ውርጃው ደግሞ ከዚያ ቀድሞም ሲጎትታቸው ቆይቷል።

ሽማግሌው ኦባማን ሁለቴ፣ ትራምፕን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሁሌ መርጠዋል። የምዝገባ ካርዳቸው ግን ዛሬም ዲሞክራት ነው። በ2019 ለገዥነት ዲሞክራቱ አንዲ ብሺርም ኤልየትን አሸንፏል። ስለዚህ አንዱን ምርጫ አይተህ ሰውን አትፍረድ። ማንም አያፈጥብህም ግን አልልህም።

ከሌክሲንግተን፦ እኔ እዚያ አካባቢ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ታካሚ «ከየት ነሽ?» አሉኝ። «ከኢትዮጵያ።» «እሱንስ እሺ፣ አሁን ከየት መጣሽ?» «ከሌክሲንግተን።» «አሃ፣ የከተማ ሰው!» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። አንድ ሰዓት መንገድ እኮ ነው! እኔን የከበደኝ ፖለቲካው አልነበረም፣ ብቸኝነቱ ነው። በዓል ሲመጣ ቡና የሚጠራህ ሰው የለም። ባለቤትህ ያንን ታስብበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አነበብኩላት፣ የከተማ ሰው የሚለው ላይ ሳቀች። እሺ ግን አላለችም። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ዜግነት ያገኘሁት ባለፈው ወር ነው። እዚያ ለምርጫ ስመዘገብ ፓርቲ መያዝ ግድ ነው?

ከኮሎምበስ፦ እንኳን ደስ አለህ! ግድ አይደለም። ግን ኬንታኪ ውስጥ በሜይ ወር በሚደረገው የፓርቲዎች ቅድመ ምርጫ የፓርቲው አባል ያልሆነ አይገባም። ሽማግሌውም ካርዳቸውን ያልቀየሩት ለዚህ ነው፤ ሸሪፉ ለብዙ ዘመን የሚለየው እዚያው ዲሞክራቶቹ ውስጥ ነበር። እዚያ አገር የእስር ቤት ኃላፊው ሳይቀር በምርጫ ነው የሚገባው፣ እስር ቤት የሌላቸው ካውንቲዎች እንኳን ይመርጣሉ! በኋላ ፓርቲ ልቀይር ካልክ ለሚቀጥለው ሜይ እንዲደርስልህ እስከ ዲሴምበር 31 ጨርሰው።