ስድስት ዓመት ኖሬም የእንግሊዝኛ ቃል ያጥረኛል፤ ምን ይሻላል?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ከገባሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) ነው የምሠራው። ሥራ ላይ መግባባት አያቅተኝም፣ ከአዛውንቶቹ ጋር ቀልድም እንቀላለዳለን። ዘንድሮ ነርሲንግ ልማር ብዬ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዘገብኩና የአናቶሚው መጽሐፍ ፊት ስቀመጥ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ይነጋል። ከባድ ቃላት የተደረደሩበት መጽሐፍ ገዝቼ በቀን ሃያ ሃያ መሸምደድ ጀምሬ ነበር። ዓርብ የያዝኩት ሰኞ የለም። የተሳካለት ካለ እስኪ ይንገረኝ። ፊልም እዪ ብቻ እንዳትሉኝ፣ አይቼ ጨርሻለሁ።

ከዳላስ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔን ያስተማረኝ የታክሲዬ ሬዲዮ ነው። ዜናውን ክፈቺና ዝም ብለሽ ስሚ፣ ቀስ እያለ ይገባል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦
ሬዲዮው ጆሮ ያሠለጥናል፣ አናቶሚ ግን አያሳልፍም (ወንድሜ ዳላስ፣ አትቀየመኝ)። እኔም በሲኤንኤ ጀምሬ ነው አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) የሆንኩት። ዝርዝሩን ተዪው። አገር ቤት ለማትሪክ እንደሸመደድነው እዚህም ቢሸመደድ አይገኝም።

እንግሊዝኛን ባለ ፎቅ ቤት አድርገሽ ዕዪው። ምድር ቤቱ የቤትና የሥራ ቋንቋ ነው፣ እሱ እጅሽ ላይ አለ። ፎቁ ላቲንና ግሪክ ነው። ይሄ ደግሞ ለእኛ ብርቅ አይደለም፣ እኛም ግእዝ አለን። ስናወራ «እጅ» እንላለን፣ ስንጽፍ «እደ ጥበብ» ይመጣል። እነሱም ሲያወሩ «ሃንድ» ብለው ሲጽፉ «ማኑዋል»፣ «ማኑስክሪፕት» ይላሉ፤ «ማኑስ» በላቲን እጅ ነው። «ጸሐፈ»ን የሚያውቅ ሰው ጸሐፊን፣ ጽሕፈትን፣ መጽሐፍን ለየብቻ አያጠናም። «ስክሪብ» የሚለው የላቲን ሥርም መጻፍ ነው፤ ዲስክራይብ፣ ፕሪስክሪፕሽን፣ ትራንስክሪፕት ሁሉም ልጆቹ ናቸው።

ሕክምናው ውስጥ ግሪኩ ይበዛል። ጋስትራይትን የማያውቅ አበሻ አለ? በርበሬያችን ይታማል እንጂ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ባክቴሪያ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። «ጋስትር» ጨጓራ ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለችው «አይቲስ» ደግሞ መቆጣት። እሷን ብቻ ይዘሽ ሰውነትን ዙሪ፦ ሄፓታይቲስ ጉበት፣ ኔፍራይቲስ ኩላሊት፣ አርትራይቲስ መገጣጠሚያ፣ ደርማታይቲስ ቆዳ። «ታኪ» ፈጣን፣ «ብራዲ» ቀርፋፋ፣ «ካርዲያ» ልብ። ታኪካርዲያ ምን እንደሆነ አሁን አንቺው ንገሪኝ።

እኔን ያሠቃየኝ ግን ከባዱ ቃል ሳይሆን የማውቀው ቃል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቻርት ላይ «ፔሸንት ዲናይስ ቼስት ፔይን» የሚል አነበብኩ። ዲናይ ማለት መካድ መሆኑን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰውየው ደረቱን ደብቆ ያመዋል ማለት ነው ብዬ ሄጄ ሁለቴ ሦስቴ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ተናደዱ፣ ልክ ነበሩ። ለካ «የለብኝም አሉ» ማለት ብቻ ነው። የኤክስሬይ ውጤት ላይ «አንሪማርከብል» ካለም ደስ ይበልሽ፣ ችግር አልታየም ማለት ነው። ኤንክሌክስ (የነርስነት ፈቃድ ፈተናው) ስትደርሺ ደግሞ «አሴስ» የምትለዋን አትናቂያት፤ እርምጃ ከመውሰድሽ በፊት በሽተኛውን እዪ ማለት ናት፣ ብዙ ጥያቄ እሷ ላይ ይዞራል።

ስለዚህ ቃሉን ለብቻው አትጻፊ። ያገኘሽበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ካርድ ላይ ገልብጪ፣ ጀርባው ላይ በአማርኛ ለራስሽ አስረጂ። ነገ እዪው፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያ በወር። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ራሱን እየፈተነ በ1885 እንዳሳየው የተጠና ነገር አብዛኛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። የዓርቡ ሰኞ ጠፋብኝ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። አንኪ የሚባለው አፕ ቀኑን ራሱ ይቆጥርልሻል፤ ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው፣ አይፎን ላይ ያስከፍላል። እኔ ወረቀቱን እመርጣለሁ፣ የዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ዝርዝር የግድ ካማረሽ አንድ ብቻ አለ። አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ምሁር በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ነው፤ 570 የቃል ቤተሰቦች አሉት። ተራዎቹን ሁለት ሺህ ቃላት ትታ በየትምህርት ዘርፉ የሚደጋገሙትን ነው የለቀመችው፤ ከኮሌጅ ጽሑፍ አንድ አሥረኛ ያህሉን ይሸፍናሉ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል።

ከሚኒያፖሊስ፦
ሥሩ ጥሩ ነው፣ ግን ያሳስታልም። እናቴ ስኳር አለባቸውና ክሊኒክ ደውለው «ለፖዳያትሪስት ቀጠሮ ይዘንላቸዋል» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ፔድ» ልጅ ነው የሚለውን ይዤ «እናቴ እኮ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ምን የሕፃናት ሐኪም ነው የምትሰጧቸው!» ብዬ ተቆጣሁ። ልጅቷ ሳቋን አፍና «የእግር ሐኪም ነው» አለችኝ። የልጆቹ ፒዲያትሪሽያን ነው። በላቲን ደግሞ «ፔድ» እግር ነው፣ ፔዳል ከዚያ የመጣ። በግሪክ ልጅ፣ በላቲን እግር! ስለዚህ ገምቺ፣ ግን መዝገበ ቃላት ሳታዪ አፍሽን አትክፈቺ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ታኪካርዲያ የልብ ምት መፍጠን ነው፣ አለፍኩ? ትናንት ማታ ሺፍት ላይ ሰባት ካርድ ጻፍኩ። አንዷ አሮጊት ምን እንደምጽፍ ጠይቀውኝ ብነግራቸው ለካ ጡረታ የወጡ የላቲን መምህርት ናቸው። እንቅልፋቸውን ትተው እስከ ስድስት ሰዓት አስተማሩኝ።

ከዳላስ፦
ቆይ፣ «ታኪ» ፍጥነት ከሆነ ዳሽቦርዴ ላይ ያለው ታኮሜትር ከዚያው ነው ማለት ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አፍጥጬበት!