ቼዝ ላይ ማርሻል አታክን ተጫውቼ ተሸነፍኩ፤ ጥፋቱ የቱ ጋር ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የቼዝ ክለባችን ውድድር አራተኛ ዙር ነበር፤ ጥቁር ደረሰኝ። ሩይ ሎፔዝ የሚባለው ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ውስጥ ገባን። 8ኛው ሙቭ (እርምጃ) ላይ ወታደሬን ዲ5 ወደሚባለው ካሬ ገፋሁ፣ ወታደር ሰውቶ ንጉሡን የሚያጠቃው ማርሻል አታክ ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያጠናሁት አሜሪካዊው ፍራንክ ማርሻል በፈረንጆቹ 1918 ኒውዮርክ ላይ ኩባዊውን ካፓብላንካን የገጠመበትን ጨዋታ ነው። እንደሱ 11ኛው ላይ ፈረሴን ከዲ5 ወደ ኤፍ6 መለስኩ። ከዚያ ቢሾፕ ዲ6፣ ፈረስ ጂ4። ተጋጣሚዬ ልጅ ፈረሱን በኤች ወታደሩ ቢበላው ንግሥቴ ኤች4 ትገባና ንጉሡ ይጨነቃል። ልጁ እጁን ወደ ወታደሩ ዘረጋ። ልቤ ቆመ። ሳይነካው መለሰና ንግሥቱን ኤፍ3 አስቀመጠ። ካፓብላንካም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ አላገገምኩም። ኦፕኒንጉ ነው የማይሠራው ወይስ እኔ ነኝ? በጣም ስለምወደው መተው ከብዶኛል።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ እንዳትተወው። ችግሩ 11ኛው ሙቭ ብቻ ነው። ፈረሱን ዲ5 ላይ ተወውና ሲ6 ግፋ። መሀል ላይ ተደግፎ ይቆማል። ነጭ ዲ4 ሲል ቢሾፕህን ዲ6 አውጥተህ ሩኩን (ግንቡን) ታስፈራራለህ። ሩኩ ኢ1 ሲመለስ ንግሥት ኤች4፣ ጂ3 ሲልህ ንግሥትህን ኤች3። እዚህ ጋ ቦርዱን ቆም ብለህ እየው። አንድ ወታደር ጎድሎሃል። ግን የነጭ የንግሥት ወገን ሩክ፣ ፈረስና ቢሾፕ ከቤታቸው ንቅንቅ አላሉም! የሶቪየቱ ስፓስኪ በ1965 ትብሊሲ ላይ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ታልን የገጠመው በዚሁ ማርሻል ነው።

መልስ 2፦
በሲ6 እስማማለሁ። ያንን የ1918 ጨዋታ ግን አትጥላው። ካፓብላንካ ንጉሡን በጥቁር ንግሥት ፊት አስኬዶ ሲ2 ድረስ አሻገረው፤ በ36 ሙቭ አሸነፈ። ለኔ ከመከላከል ጨዋታዎች ሁሉ ይበልጥብኛል። ሌላው፣ ብዙ ሰው 8ኛው ላይ ሲ3 ትቶ ኤ4 ወይም ኤች3 እያለ ማርሻልን ይሸሻል። ካስፓሮቭም በ1993 ለዓለም ሻምፒዮናነት እንግሊዛዊውን ሾርትን ሲገጥም ኤ4 ተጫውቷል። ለዚያም ተዘጋጅ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ቦርዱን ዘርግቼ ሲ6ን ደጋግሜ አየሁት። ንግሥቷ ኤች3 ስትቆም በእውነት ደስ ትላለች። እሑድ ጥቁር ከደረሰኝ እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ 12ኛው ላይ ዲ4 ትቶ ዲ3 ቢለኝስ? ኋላ ሩኩን ኢ4 ሊያቆምብኝ ነዋ?