አስቸኳይ፦ የላብራዶር ቡችላ ልወስድ ነው፤ ዝም ያለው ይሻላል ወይስ የሚዘለው?

የመንታዎቹ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለልጆቼ የላብራዶር ቡችላ ልወስድ ቀብድ ከፍያለሁ። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ይዘላል፣ የጫማ ክር ይጎትታል። ሌላው ጥግ ይዞ ተኝቷል። ብናነሳውም ዝም ነው። ሻጩ «ይሄ ጨዋ ነው፣ ለልጆች የሚሆነው እሱ ነው» ይላል። ሆዱም ቆዘር ብሏል፣ በደንብ የበላ ይመስላል። ልጆቹ እሱ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ብለዋል። እስከ ማታ ካልወሰድኩት ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልውሰደው?

ጅራት ቆላ፦ የሚዘለውን ውሰጂ። ጫማ ግን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ 😂

ክትባት ይቅደም፦ የክትባት ደብተሩን ጠይቂ። ያለ ደብተር ቡችላ አይወሰድም።

ነገር አዋቂ፦ መጀመሪያ ዝርያውን እንወቅ። ስሙ ላብራዶር ይባል እንጂ መነሻው ኒውፋውንድላንድ የተባለው የካናዳ ደሴት ነው። ከዓሣ አጥማጆች ጋር ውሃ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ውሻ ነው። ወደ ብሪታንያ ከተወሰደ በኋላ አዳኞች የመቱትን ወፍ እንዲያመጣላቸው አሠለጠኑት። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ በ1903 (በፈረንጆች) እንደ ዝርያ ተቀበለው። የታወቁት ቀለሞቹ ሦስት ናቸው፦ ጥቁር፣ ቢጫና ቡኒ። «ብርማ ነው፣ ብርቅ ነው» ብለው ዋጋ የሚቆልሉ አሉና...

የመንታዎቹ እናት፦ ወንድሜ፣ ስለ ታሪኩ አመሰግናለሁ። ቀለሙ ቢጫ ነው። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው!

የክሊኒክ ልጅ፦ እህቴ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ነው የምሠራው። ዕድሜውን አልነገርሽንም። እናቱን አይተሻታል?

ቡችላ እንቅልፋም ነው፣ መተኛቱ ብቻ በሽታ አይደለም። ተቀስቅሶም ዙሪያውን ካላሸተተ፣ ሲጠሩት ካልመጣ ግን ያ ጨዋነት አይደለም። ከንፈሩን ገልጠሽ ድዱን እዪ። ሮዝና እርጥብ መሆን አለበት። በጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂው፤ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀለሙ ይመለሳል። ከገረጣ ደም አንሶት ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከትል ወይም ከቁንጫ ነው። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ ከታየም ጥጋብ ብለሽ አትለፊው፣ የሆድ ትል ሊሆን ይችላል።

ከጅራቱ ሥር ያለውን ጸጉርም እዪ። በተቅማጥ ከተጨማለቀ፣ በተለይ ትውከትና ደም ካለ፣ ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል ተላላፊ በሽታ ያሠጋል። ያኔ የሚዘለውም አይታመንም። አብረው ነው የኖሩት፣ ምልክቱ ደግሞ ቀናት ቆይቶ ነው የሚወጣው።

የመንታዎቹ እናት፦ ስድስት ሳምንቱ ነው አለኝ። እናቱ ሌላ ቦታ ናት። ድዱን ልይ ስል «አትነካኪው፣ ይደነግጣል» አለ።

ጅራት ቆላ፦ የደነገጠው ሻጩ ነው።

ክትባት ይቅደም፦ እኮ፣ ደብተሩስ?

የክሊኒክ ልጅ፦ በስድስት ሳምንቱ ቢበዛ አንዴ ነው የሚከተበው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። ስለዚህ ደብተር ቢኖርም ገና አልተጠበቀም። ለነገሩ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየትም የለበትም።

እኔ የምለው፦ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን የግድ ውሰጂ ያለሽ ማነው? ቡችላ ምን ዓይነት ውሻ እንደሚወጣው አይታወቅም። ወንዱ አድጎ ከ30 ኪሎ በላይ ሊደርስ ይችላል። «ላብራዶር ገር ነው» ብለው ያለ እንቅስቃሴ ያስቀምጡትና ሶፋ ሲበላ ይጮሃሉ። ያደገ ውሻ ፈልጊ። ጠባዩም አካሄዱም የታየ።

የመንታዎቹ እናት፦ ከልጆቹ ጋር አብሮ እንዲያድግ ብዬ ነው እንጂ።

የክሊኒክ ልጅ፦ እሱም ያስኬዳል፣ ግን የወላጆቹን ወረቀት ጠይቂ። የዳሌና የክርን መገጣጠሚያ ችግር በላብራዶር የተለመደ ነው፣ ቡችላ ላይ ግን በዓይን አይለይም። ሁለቱም ወላጆች ራጅ ተነሥተው ውጤታቸው መኖር አለበት። ዓይናቸውም መታየት አለበት፤ ቀስ በቀስ የሚያሳውር የሚወረስ በሽታ አለ። ሮጦ ሮጦ የኋላ እግሩ የሚከዳውም አለ። ለሁለቱም በሽታዎች የጂን ምርመራ አለ። ሻጩ «ምን ወረቀት?» ካለ መልሱን አግኝተሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ላብራዶር ብዙ ጊዜ ምግብ ሲሰጡት ይሮጣል። በ2016 (በፈረንጆች) የወጣ ጥናት ሩብ ያህሉ ላይ ጥጋብን ከሚቆጣጠረው ጂን የጎደለ ነገር አግኝቷል። እናም ምግብ ስታቀርቢለት ፊቱን ያዞረ የላብራዶር ቡችላ ያሳስበኛል።

ጅራት ቆላ፦ እኔም ጂኔን ልመርመር እንግዲህ።

እኔ የምለው፦ ቀብዱን እርሺው። ከሕክምናው ወጪ ይቀላል።

የመንታዎቹ እናት፦ ምግብ አቀረብኩለት፣ አሽትቶ ተወው። ልጆቹ እያለቀሱ ነው። ቆዩ፣ ሻጩ እየጠራኝ ነው።

ክትባት ይቅደም፦ ደብተሩን እንዳትረሺ!

ነገር አዋቂ፦ ስለ ብርማው ሳልጨርስ...

የክሊኒክ ልጅ፦ እህቴ፣ ምን ወሰንሽ? ከወሰድሽው ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ቤት ሌላ ውሻ ካለ አታቀላቅያቸው።

የክሊኒክ ልጅ፦ አለሽ?

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ጥያቄውን ስላየሁ ነው። የእኔዋ ላብራዶር አሁን ካልሲ ዋጠች። ጨው በውሃ ላጠጣት?

የክሊኒክ ልጅ፦ በፍጹም! ጨው ይመርዛታል። አሁኑኑ ሐኪም ጋ ደውል፣ የዋጠችበትን ሰዓትና የካልሲውን መጠን ንገራቸው።

ጅራት ቆላ፦ የቀረችውን ካልሲ ደብቃት።