እህቴን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለሩጫ ጠራት፤ የምታውቁ ንገሩኝ

የታቦሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ሯጭ ናት። ዘንድሮ 12ኛን ተፈትና አልፋለች፤ ከመቶ ተፈታኝ አስሩ እንኳ በማያልፍበት ዘመን ለቤታችን ሠርግ ነበር። እዚሁ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ትገባልኛለች ስል አንድ የአሜሪካ አሰልጣኝ በኢንስታግራም ጻፈላት። ዩኒቨርሲቲው ትልቅም ትንሽም አይደለም፤ ስሙን ሰፈራችን ውስጥ የሰማ ሰው የለም። 5 ሺህ ሜትር 16:30 ትገባለች (በእጅ ሰዓት ነው የተያዘው)። "ስኮላርሺፕ እንሰጥሻለን" ይላታል።

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው፤ ከጫማዋ ጀምሮ የምችላት እኔ ነኝ። በሌላ በኩል አንድ ክለብ በደመወዝ ሊይዛት ይፈልጋል፤ ቶሎ ፈርሙ እያሉ ወጥረው ይዘውናል። እናታችን "በእጅ ያለውን ይዛ ትቀመጥ" ባይ ናት። ነገሩ እውነት ነው ወይስ ማጭበርበር? ብትጎዳስ ሜዳ ላይ ይጥሏታል? ቪዛው እስኪመጣ ክለቡ ጋ ፈርማ ብትጠብቅ ምን አለበት?

አሞራ ገደል፦
ደላላ ነው እህቴ፣ ብሎክ አድርጊው። ጎረቤቴን "ፕሮሰስ" እያሉ ሙልጭ አድርገውታል።

የአዳማው፦
ደላላ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ መለየቱ ግን አይከብድም። እኔ አዳማ ተወልጄ፣ እንዲሁ መካከለኛ በሆነ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሮጬ ተመርቄ መጥቻለሁ፤ አሁን እዚሁ ሀዋሳ ነው የምሠራው።

ዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍሉ ድረ ገጽ ላይ የአሰልጣኞቹን ስምና ኢሜይል ያወጣል። በዚያ ኢሜይል ጻፉለት። ከዚያው ከመለሰ ሰውየው ራሱ ነው። አሰልጣኝ ከሯጭ ብር አይጠይቅም። ወጪያችሁ የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ የብቁነት ማጣሪያ ምዝገባው፣ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) 350 ዶላርና የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው፤ ሁሉንም ራሳችሁ በቀጥታ ትከፍላላችሁ።

ክለቡ ጋ እንዳትፈርሙ! የኮሌጅ ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ከመግባቷ በፊት የሮጠችበትን ውድድርና የተቀበለችውን ገንዘብ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ደመወዝ የበላ ሯጭ እንደ ፕሮፌሽናል ሊታይና ሊታገድ ይችላል። እስካሁን ያገኘችው ሽልማት ካለ ሳትደብቁ ተናገሩ። 12ኛን ጨርሳ እየተወዳደረች ብዙ ከቆየችም ከመሮጫ ዘመኗ ሊቀነስባት ይችላል።

ስንተኛ ዲቪዥን (የኮሌጆች የውድድር እርከን) እንደሆነም ጠይቁት። አንደኛውና ሁለተኛው ለስፖርት ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ ሦስተኛው አይሰጥም። ሴት መሆኗ ይጠቅማታል። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ለሴቶችም እኩል ዕድል እንዲሰጥ ያስገድዳል። የአሜሪካ ፉትቦል ብቻውን እስከ 85 የወንድ ስኮላርሺፕ ይበላ ስለነበር ማካካሻው የመጣው በሴቶች ቡድኖች ነው። ለዓመታት በአንደኛ ዲቪዥን አትሌቲክስ ለወንዶች 12.6፣ ለሴቶች 18 ስኮላርሺፕ ነበር የሚፈቀደው። ነጥብ ስድስቷ እንዳትገርምሽ፤ አሰልጣኙ እየቆራረሰ ለብዙ ልጅ ያካፍለዋል። ከ2025 ወዲህ ብዙዎቹ ጋ በስኮላርሺፑ ፋንታ የቡድኑ አባላት ቁጥር ነው የተገደበው፤ መቆራረሱ ግን አልቀረም። ስለዚህ ትምህርቱን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡን፣ የጤና መድኑን ስንት እጅ እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይላክላችሁ።

የስኮላርሺፑ ውል በጸናበት ዓመት መሃል "ተጎዳች" ብሎ መቁረጥ ክልክል ነው። የሚያሳስበው እድሳቱ ነው፤ ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ እዩ።

ሩጫው ራሱ ደግሞ እኛ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ወቅቱ የሚከፈተው በአገር አቋራጭ ነው፣ ለሴቶች ባብዛኛው 6 ኪሎ ሜትር። ከየቡድኑ ሰባት ይሮጣሉ፣ የፊተኞቹ አምስት ደረጃ ይደመራል፣ ትንሽ ነጥብ ያለው ቡድን ያሸንፋል። አንደኛ ብትወጣ አንድ ነጥብ፣ አራተኛ ብትወጣ አራት፤ ልዩነቱ ሦስት ብቻ። አምስተኛዋ ልጅ ግን 40ኛ መግባቷና 60ኛ መግባቷ የሃያ ነጥብ ጉዳይ ነው። እኔ ከፊተኞቹ ጋር ገብቼ "ጎበዝ" እስክባል ስጠብቅ አሰልጣኛችን ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በገመዱ ጥግ ጭቃውን እየረገጠ "አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ እለፍ!" እያለ ከአምስተኛችን ጋር ይሮጥ ነበር። ያ ልጅ እዚህ አገር ቢሮጥ ዞሮ የሚያየው የለም። እዚያ ግን ዋንጫው እሱ እግር ላይ ነው። ይሄን እስክለምደው አኩርፌ ነበር፤ በኋላ ወደድኩት።

የመም ውድድሩ ላይ ደግሞ በየምድቡ (ዩኒቨርሲቲዎቹ በተቧደኑበት ሊግ) ሻምፒዮና ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የወጣ ነጥብ ያገኛል፤ ከ10 ጀምሮ እስከ 1። ጠንካራ ልጅ ካገኙ 10 ሺህ አስሩጠዋት፣ በዚያው ሻምፒዮና 5 ሺህ ይደግሟታል። ከአገር አቋራጩ ወደ ቤት ውስጥ መም፣ ከዚያ ወደ ውጪው፤ ከመስከረም እስከ ግንቦት መጨረሻ ማረፊያ የለም። አሰልጣኙን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያስሮጣት ጠይቁት። በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም ይላል ደንቡ፤ ውድድር ያለበት ቀን እንደ 3 ሰዓት ይቆጠራል፣ አውቶቡስ ላይ ያደረችው ሌሊት ግን አይቆጠርም። (ቅርጫት ኳሶቹ በአውሮፕላን ይሄዳሉ። ከተማውም የሚያውቀው እነሱን ነው።)

የወንዶ ገነት መንገድ፦
ልጄ፣ ሯጭ ሳሰለጥን ያረጀሁ ሰው ነኝ። የ18 ዓመት ልጅ ሀገረ ሰላም ደጋ ላይ ትሩጥ እንጂ በረዶ ላይ ምን ትሠራለች? ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 ፓሪስ ላይ በ5 ሺህ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 18 ዓመቷ ነበር። ኮሌጅ ገብታ ቢሆን ለአውቶቡስ ጓደኞቿ ነጥብ ስትለቅም ትከርም ነበር።

የአዳማው፦
ጋሼ፣ ጥሩነሽ አንድ ናት። 16:30 እዚህ አገር ብሔራዊ ቡድን ደጃፍ አያደርስም፤ እዚያ ግን ትፈለግበታለች፣ በዚያ ላይ ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን አሰልጣኞቹ ያሰሉታል። ኮሌጅ ደግሞ ሯጭ አይገድልም። ያሬድ ንጉሴ በ2019 ለኖተርዳም ሮጦ የኮሌጆች የ1,500 ሻምፒዮን ሆነ፣ ከዚያ በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ አመጣ።

የወንዶ ገነት መንገድ፦
ያሬድ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፣ አታምታታ። ቢሆንም ዲግሪው ላይ አልከራከርህም። ስንቷ ጉልበቷ ከድቷት ባዶ እጇን እንደቀረች አይቻለሁ።

የታቦሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢሜይሉ ከዩኒቨርሲቲው አድራሻ መጣ፣ አንደኛ ዲቪዥን ነው። ክለቡን ቆዩ ብለናል። የላከው ወረቀት ላይ ትምህርቱ ሙሉ ነው፣ ማደሪያው ግማሽ፣ ስለ ምግብ አንድም ቃል የለም። ግቢው ሲዘጋስ የት ታድራለች?

የአዳማው፦
ይሄን የጠየቅሽው ጥሩ አደረግሽ። ድጎማው ብዙ ጊዜ ለትምህርቱ ወራት ነው፤ ሲዘጋ ዶርሙን ለቀሽ ውጪ ትባላለች። እኛ ሯጮቹ ተሰባስበን ቤት ተከራይተን ነበር የምንከርመው። ሠርታ እችላለሁ ካለች በተማሪ ቪዛ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ ቢበዛ በሳምንት 20 ሰዓት፤ ከልምምዱ ጋር አይሆንላትም። ስለዚህ ምግቡና የክረምቱ ማደሪያ ይጨመር ብላ ራሷ ትጻፍለት። እነሱ በዚህ አይቀየሙም፣ ሁሉም ይደራደራል። ከፈረመች በኋላ ግን የሚጨምርላት የለም።