ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በዊልቸር የሚኬድበት መዝናኛ የት አለ?

ዊልቸሯ_ከቧንቧ_ውሃ

ሰላም ለሁላችሁ። 20 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ዊልቸር ላይ ከሆንኩ 6 ዓመት አለፈኝ። "ምን ሆነሽ ነው?" የሚለውን እዚህ ዝለሉት፣ ለሱ መልስ ስሰጥ ነው የኖርኩት። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መዝናናት እፈልጋለሁ።

ሆስፒታል አላልኩም። ጸበልም ዱዓም አላልኩም። እኛ ቤት "ዛሬ ልወጣ ነው" ካልኩ እናቴ "ቀጠሮ አለሽ እንዴ?" ነው የምትለኝ፣ ቀጠሮ ማለት ደግሞ ሐኪም ማለት ነው። ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣሉ፤ ኬክ ቤት፣ ፊልም፣ አንዳንዴ ሐይቅ ሄደው አሳ ይበላሉ፣ ፎቶውን ማታ ቴሌግራም ላይ አየዋለሁ። አይጠሩኝም እያልኩ አይደለም። ይጠሩኛል። ግን ሲጠሩኝ ድምፃቸው ውስጥ "እንዴት አድርገን?" የሚል ነገር ትሰማለች፣ እኔም ቀድሜ "ዛሬ ትንሽ አሞኛል" ብዬ እገላግላቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ግን ወጣሁ። የሄድንበት ኬክ ቤት (ስሙ ይቅር) መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃ አለው። ልጆቹ ሊያዝዙ ገቡ፣ እኔ ውጭ ቆሜ (ቁጭ ብዬ ማለቴ ነው ሃሃ) አይስክሬሜን እየላስኩ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው አለፉኝ፣ ከዛ ተመለሱና ጭኔ ላይ 10 ብር አስቀምጠው "ይማርሽ ልጄ" ብለውኝ ሄዱ። አይስክሬም በእጄ ይዤ! የበዓል ቀሚሴን ለብሼ! አልተቀየምኳቸውም፣ ሳቄ ነው የመጣው። ማታ ግን አለቀስኩ። ብሯ እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አለች፣ ልበላት አልቻልኩም።

ደሴን ታውቋታላችሁ፣ ከጦሳ ስር የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ከቤቴ በር ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። እና እዚህም ይሁን ኮምቦልቻ፣ በዊልቸር ሄዶ የተዝናና ሰው ካለ ይንገረኝ። የት? በምን? ሽንት ቤቱስ? አደራ፣ "አይዞሽ ጠንካራ ነሽ" የሚል ኮሜንት አልፈልግም።

ቦርከና_ዳር

አብሽሪ እህቴ፣ አይዞሽ አልልም። እኔም ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ፣ ኮምቦልቻ፣ 31 ዓመቴ።

ኮምቦልቻ ውረጂ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች፣ ሜዳ ናት፣ ክረምት ላይ እናንተ ጉም ውስጥ ስትንቀጠቀጡ እዚህ በካናቴራ ነው። ጎማ እንደልብ ይሄዳል። ክፉ ነገሩ ፀሐዩ ነው። ዊልቸርሽን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ አቁመሽ አትሂጂ፣ ጥቁሩ ወንበርና የእጅ ማሳረፊያው እንደ ምጣድ ይግላል። እግር የማይሰማው ሰው ደግሞ እየተቃጠለም አያውቅም፣ ከመቀመጥሽ በፊት በመዳፍሽ ዳሺው።

እኔ በብዛት የምሄደው ግቢ ያላቸው ሆቴሎች ጋ ነው፣ ዛፍ ስር፣ ሳሩ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶው ላይ። ግን ሳልደውል አልሄድም። ስትደውዪ "ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል?" ብለሽ እንዳትጠይቂ፣ ሁሉም "አዎ በጣም" ነው የሚልሽ። "ከመኪና እስክቀመጥ ስንት ደረጃ አለ?" በይ። "ኧረ የለም፣ አንድ ሁለት ብቻ" ይሉሻል፣ ያኔ ይገባሻል። ከዛ "የሽንት ቤቱን በር በስንዝር ለካልኝ" በይው። ይስቃል፣ ግን ይለካል። ዊልቸር ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ እጅሽም ስለሚሻሽ በሩ አራት ስንዝር ካልሞላ ተይው። ይሄን የተማርኩት አንድ ሰርግ ላይ ነው፣ የሽንት ቤት በር ላይ እንደ ቡሽ ተወትፌ፣ ውስጥ ያሉት መውጣት ውጭ ያሉት መግባት አቅቷቸው፣ ዘፈኑ ቆሞ በመጨረሻ ሙሽራው ራሱ መጥቶ ጎተተኝ። ቪዲዮው ላይ አለ ወላሂ።

ሦስት_እግር

ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ደሴ። ዊልቸሩ የሚታጠፍ ከሆነ ችግር የለውም፣ ታጥፎ ከኋላ ወንበር ፊት ለፊት ይቆማል፣ አንቺና አንድ ሰው ትቀመጣላችሁ። ኮንትራት ያዢ፣ ነጂውን ደግሞ አንድ ሰው አድርጊው፣ ሁልጊዜ ያው ሰው። አንዴ የለመደ ሰው እንዴት እንደሚታጠፍ ሁለተኛ አይጠይቅሽም።

ኮምቦልቻ ለመውረድ ግን ሚኒባስ ይሻላል፣ የሐረጎን ቁልቁለት በባጃጅ አትሞክሪው፣ ጉም ካለ ደግሞ ጭራሽ። ረዳቱ ዊልቸሩን ላይ ጭኖ "የዕቃ ሂሳብ" ሊልሽ ይችላል። "እግሬ ዕቃ ነው እንዴ?" በይው። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ብላ ስትመልስ ተሳፋሪው ሁሉ በረዳቱ ላይ ተነሳበት።

ኮብልስቶን ላይ የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ድንጋዩ መሃል ይቀረቀራሉ። ገፊሽ ወደ ኋላ ያዙርሽና እየጎተተ ይሂድ፣ ትልቁ ጎማ ይቀድማል። ከባድ ቁልቁለትም እንደዛው፣ በጀርባሽ ነው የምትወርጂው።

የእውነት_መንገድ

እህቴ ከምንም በላይ ቤትሽ ሆነሽ ብትጸልዪ ነው የሚሻልሽ። መዝናናት ምን ያደርግልሻል?

ሦስት_እግር

አንተ ቅዳሜ ማታ ኳስ ስታይ ቤትህ ሆነህ ጸልይ ያለህ አለ?

እማማ_ሰኞ_ገበያ

ልጄ፣ እኔ ስልክ ላይ ብዙ መጻፍ አልችልበትም፣ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፣ እሱም እንዳንቺው ነው፣ 14 ዓመቱ።

እናትሽ ላይ አትፍረጂባት። እኔም ደብቄዋለሁ። ሰው እንዳያይብኝ ሳይሆን ሰው አይቶት "ምፅ" እንዳይልብኝ። ያቺ "ምፅ" የምትባለዋ አንጀቴን ነው የምትበላው። ሦስት ዓመት ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት።

አንድ ቀን ገበያ ውዬ ስመለስ ቤት የለም። ደም ስሬ ተገተረ። ለካ የጎረቤት ልጆች ገፍተው ጆተኒ ወስደውታል። ሄጄ ባየው ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ዓይኑ ልክ ከሜዳው ጋር እኩል ነው፣ ቋሚዎቹ ጎንበስ ብለው ነው የሚያዩት፣ እሱ ቁጭ ብሎ። ግራ እጁን በረኛው ላይ፣ ቀኝ እጁን አጥቂው ላይ አድርጎ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ያገባል። ጎማ ሲገፋ የዋለ እጅ ነው፣ ክንዱ ብረት ሆኗል። አንዱ ልጅ "ቁጭ ብሎ መጫወት አይቻልም፣ ብልጫ ነው" ብሎ ሲነጫነጭ ሰማሁት። ልጄ ላይ ሰው ቀንቶበት አይቼ አላውቅም ነበር። ሳልጠራው ተመልሼ ሄድኩ። እራቱን ቀዝቅዞ ነው የበላው።

አሁን የሚጽፈው ልጁ ነው፦ እናቴ ያላለችው፣ ጎማ ከተነፈሰ አትጨነቂ። ብዙ ዊልቸር የኋላ ጎማው 24 ኢንች ነው፣ ሳይክል ሰሪ ጋ ሂጂ፣ የኔን እነሱ ናቸው የሚሰሩልኝ። ጆተኒ ትችያለሽ?

መሐንዲሱ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢደብራችሁም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ላይ፣ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው መግቢያ ይኑረው፣ ሽንት ቤቱም የሚመች ይሁን ብሎ ነበር። ራምፕ ሲሠራ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው የተለመደው። የኬክ ቤቱ ሁለት ደረጃ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 3 ሜትር ከ60 ራምፕ ያስፈልገዋል ማለት ነው። አንዳንዱ ባለቤት ለይስሙላ ግማሽ ሜትር ሲሚንቶ ያፈስና "ይኸው ሠራን" ይላል፣ እሱ ራምፕ ሳይሆን መንሸራተቻ ነው፣ ብቻሽን እንዳትሞክሪው።

ቦርከና_ዳር

መሐንዲሱ እውነት ነው፣ ግን ከአዋጁ በፊት ባለቤቱን ሻይ አብረሽው ጠጪ። እኔ የምዘወትርበት ቤት ባለቤቱን አዋጅ አልጠቀስኩበትም፣ ለሦስት ቅዳሜ አምስት ጓደኛ ይዤበት ሄድኩ፣ በየሳምንቱ አስተናጋጆቹ ተሸክመው አስገቡኝ። በአራተኛው ብየዳ ቤት አሠርቶ የብረት መወጣጫ አስቀመጠ። ወገባቸውን አሟቸዋል መሰለኝ።

ከደሴ_የራቅሁ

እኔ ያለሁት እንግሊዝ ነው። እዚህ ሲኢኤ ካርድ የሚባል አለ፣ አካል ጉዳተኛው የሲኒማ ትኬቱን ይከፍላል፣ አጃቢው በነፃ ይገባል። ትልልቆቹ የመጫወቻ ፓርኮችም ሰልፍ ላይ መቆየት ለማይችል ሰው ማለፊያ ይሰጣሉ። እዛ ካርዱ ባይኖርም ጠይቂ፣ "የምትገፋኝ ልጅ ፊልሙን ልታይ አይደለም የመጣችው" በይ። (ልታይ ነው የመጣችው፣ ግን በይ።)

ዊልቸሯ_ከቧንቧ_ውሃ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የእውነት መንገድን ጭምር፣ ኮሜንቱን ለእናቴ ሳነብላት ተናዳ "ሂጂ ውጪ!" ያለችኝ በሱ ምክንያት ነው።

ሐይቅ ሄድን። አምስት ሆነን ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ረዳት ስላልነበረ "እግሬ ዕቃ ነው?" የሚለውን ሳልጠቀምበት ቀረሁ፣ ስለማመደው ነበር የሰነበትኩት። ከመኪናው እስከ ውሃው ያለው መንገድ አፈርና ጠጠር ነው፣ በሦስት እግር ምክር በጀርባዬ ጎተቱኝ፣ ስለዚህ ሐይቁን ሁሉም ሰው አይቶት ካበቃ በኋላ ነው እኔ ያየሁት። ዞር ሲያደርጉኝ ድንገት ሁሉም ሰማያዊ ሆነ።

ልጆቹ እስጢፋኖስ ገዳም እንሂድ አሉ። ገዳሙ ሴት አያስገባም፣ ወንዶቹ ሁለቱ ገቡ፣ እኛ ሦስታችን ውጭ ቀረን። በ6 ዓመት ውስጥ ደረጃ ሳይሆን ሌላ ነገር ሲከለክለኝ የመጀመሪያው ነው። ከሌሎቹ ሴቶች እኩል መከልከል ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ከዛ ጀልባ። ሁለቱ ልጆች በብብቴና በጉልበቴ ያዙኝ፣ ባለጀልባው ጀልባዋን በእግሩ ረግጦ አቆመልን። ሁላችንንም በየተራ "ዋና ትችላለህ? ዋና ትችያለሽ?" ብሎ ጠየቀን። እኔ ጋ ሲደርስ ድምፁን አልቀየረም። "አልችልም" አልኩት። "እኔም አልችልም" አለኝና የሕይወት አድን ጃኬቱን ወረወረልኝ። ሁላችንም ጃኬታችንን ሁለት ጊዜ አጠበቅን።

መሃል ስንደርስ ወደ ዳሩ ዞሬ አየሁ። ዊልቸሬ ብቻዋን ቆማለች። እሷን ከሩቅ አይቻት አላውቅም፣ ሁልጊዜ ከስሬ ናት። ትንሽ ናት። ከዛ ሁለት ህጻናት መጡ፣ አንዱ ተቀመጠባት፣ ሌላው እየገፋ መሮጥ ጀመረ፣ ጓደኛዬ ልትጮህባቸው ስትል ተያት አልኳት። ፍሬኑን አውቀው ፈትተውታል እኮ፣ እኔ ለመልመድ ሳምንት ነበር የፈጀብኝ።

አሳው ጥሩ ነበር፣ እሾሁ በዛ እንጂ። ሽንት ቤቱ አልሆነልኝም፣ በሩ ሦስት ስንዝር ነው፣ ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጣሁም፣ ማታ ቤት ስገባ ራሴን አሞኝ ነበር። ይሄን የምጽፈው ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር እንዳይመስላችሁ ነው። ለሚቀጥለው መፍትሔ ያለው ይንገረኝ።

እማማ፣ ለልጅሽ ንገሪልኝ፣ ጆተኒ አልችልም ግን እመጣለሁ። ደብተሬ ውስጥ 10 ብር አለችኝ፣ ለሁለት ዙር ከበቃች።

እማማ_ሰኞ_ገበያ

(ልጁ ነኝ) ትበቃለች። ቅዳሜ 9 ሰዓት። ተሸናፊ ነው የሚከፍለው ስለዚህ ብሯን አትርሺያት። ብረቱን በኃይል ማሽከርከር ክልክል ነው፣ ሕግ ነው።

ዊልቸሯ_ከቧንቧ_ውሃ

እኛን ማሽከርከር ክልክል ነው ትላለህ? 😂

እማማ_ሰኞ_ገበያ

ብረቱን ነው ያልኩት። አሁን እናቴ ስልኳን ፈልጋዋለች።