የጋራ ጥናት ዕቅድ፦ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) የላንቃን ሽብሽብ ምን ያህል ይቀይራል?

አስተባባሪዋ፦
ውድ አባላት፣ ረቂቁን እስከ ዓርብ መጨረስ አለብን። ከፊት ጥርሶች ጀርባ ላንቃ ላይ ያሉት ሽብሽቦች ጽንሱ 3 ወር ገደማ ሲሆነው ይሠራሉ። ከዚያ ወዲህ መጠናቸው ያድጋል እንጂ ቅርጻቸው ብዙም አይቀየርም። ከንፈርና ጉንጭ ስለሚከልሏቸው ቃጠሎም ቶሎ አይደርስባቸውም። አስከሬን ለመለየት የሚታሰቡት ለዚህ ነው። ብሬስ ያደረገ ሰው ላይስ እንመካባቸው?

የብሬስ ሐኪም፦
ዶክተር፣ «ብሬስ» ብለን በጅምላ ባንጽፈው። ጥርስ ሳይነቀል የሚስተካከል አለ። 4 ፕሪሞላር (ከክራንቻ ቀጥሎ ያሉ ጥርሶች) ነቅለን የፊት ጥርሶችን ወደ ኋላ የምንስብበት አለ። ላንቃ የምናሰፋበትም አለ። ሦስቱ ለየብቻ ይጠኑ። ትናንት የአንዲት ታካሚዬን የመጀመሪያና የመጨረሻ የጀሶ ሞዴል (የጥርስና የላንቃ ቅጂ) ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ፕሪሞላሮቿ ተነቅለዋል። ከፊት ሲቆጠር የ1ኛው ሽብሽብ የውጭ ጫፍ ከጥርሱ ጋር ወደ ኋላ ተስቧል። 3ኛው ግን፣ በተለይ ወደ መሃል ያለው ጫፉ፣ ያው ነው ማለት ይቻላል። መለኪያችን እሱ ላይ ይደገፍ። ደግሞ ልጆች በሕክምናው መሃል ያድጋሉ። ብሬስ ያላደረጉ እኩዮቻቸው ካልተካተቱ የዕድገቱን ለውጥ በብሬስ እናሳብባለን።

የፎረንሲክ ባለሙያ፦
እስማማለሁ። ግን ሚሊሜትር መለካት ብቻውን አይበቃም። ስም የሌላቸውን ሞዴሎች ቀላቅለን፣ የማን እንደሆኑ ለማያውቅ ሰው እንስጥ። ከሕክምና በፊት የነበረውን ከበኋላው ጋር ያዛምድ። ስንቱን ሳተ? ለእኛ ሥራ ዋናው መልስ እሱ ነው። ረቂቁ ላይ «ዲኤንኤን ሊተካ ይችላል» የሚለውም ይውጣ። ኢንተርፖል ዋና መለያ የሚላቸው የጣት አሻራ፣ ጥርስና ዲኤንኤ ናቸው፤ ሽብሽብ አጋዥ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ባለቁበት የአውሮፕላን አደጋ ቤተሰብ ለወራት የጠበቀው የዲኤንኤ ውጤት ነው። ላንቃ የሚረዳው አካሉ ሳይበታተን ሲገኝ ነው። ለሐዘንተኛ ከዚያ በላይ ቃል አንግባ።

ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ሐኪም)፦
ጀሶ እኮ ይሰበራል። የአፉ ቅርጽ የሚወሰድበት ልኬት ላይ አየር ከገባም ሽብሽቡ በደንብ አይወጣም። የአፍ ስካነር ያላቸው ክሊኒኮች ይቅደሙ። ብሬስ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል፣ ፎቶና ኤክስሬይ ቀን ተጽፎባቸው እንደገና ይያዙ። 4 ጥርስ ተነቅሎ መርማሪ እጅ የሚገባው የድሮው መዝገብ ብቻ ከሆነ ያሳስታል።

አስተባባሪዋ፦
ሁሉንም አስገባለሁ። የማዛመድ ሙከራውን ክፍል የፎረንሲክ ባለሙያው እርስዎ ይጻፉልን፣ ዶክተር። የቀረን የፈቃድ ቅጹ ነው። ለልጅ ወላጅ ይፈርማል። 18 ዓመት ሲሞላውስ ራሱን መልሰን እንጠይቀው? እኔ እንጠይቅ ባይ ነኝ፤ የላንቃው ቅርጽ ዕድሜ ልኩን አብሮት የሚኖር መለያው ነውና።